የሸማቾች ሱቅ በሚዛን፦ ምኑን እንግዛ፣ ምኑን እንተወው?

ሶሻሊዝምና ካፒታሊዝም ጎን ለጎን ቆመው ዕቃ ሲሸጡ ማየት ለፈለገ ሰው አዲስ አበባ ጥሩ ቦታ ናት። በዚህ ወገን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ፣ ከመንገዱ ማዶ የሰፈሩ ባለሱቅ። ሁለቱም ስኳር ይሸጣሉ፣ ሁለቱም ዘይት ይሸጣሉ። ዋጋቸው ይለያያል፣ ወረፋቸውም ይለያያል። እዚህ የምንገመግመው አንድን ማኅበር ለይተን አይደለም፤ የሸማቾች ሱቅ እንደ አሠራር በየትኛው ዕቃ እንደሚያዋጣ፣ በየትኛው እንደሚያከስርና ምክንያቱን ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ሚዛኑና ደረጃው ማሸጊያው ላይ የተጻፈ ዕቃ ከሸማቾች ይገዛ፤ በዓይንና በእጅ የሚመረጥ ዕቃ ከባለሱቅ፣ ከጉልት ወይም ከእህል በረንዳ ይገዛ።

ስለ ሁለቱ ሥርዓቶች ብዙ ተብሏል። ሱቅ በር ላይ ሲደረስ ግን ጥያቄው ሦስት ነው፦ ጆንያው የማን ነው? ዋጋውን ማን ይቆርጣል? ትርፉ የማን ኪስ ይገባል? በካፒታሊዝም ጆንያው የባለሱቁ ነው፤ ዋጋውን ገበያው ይቆርጠዋል፤ ትርፉም ኪሳራውም የባለቤቱ ነው። በሶሻሊዝም ጆንያው የጋራ ነው፤ ዋጋው በዕቅድ ይወሰናል፤ የተረፈው ለሁሉም ይመለሳል።

በደርግ ጊዜ የነበረው የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ለሦስቱም ጥያቄ የነበረው መልስ በተግባር አንድ ነበር፦ መንግሥት። ካርድ የያዘ ቤተሰብ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ጨውና ዘይቱን በቁርጥ ዋጋ ይወስዳል። እህሉን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ ይሰበስባል፤ የግል ነጋዴ እንደልቡ እንዳያዘዋውር በየመንገዱ ኬላ ተጥሏል። ገበሬው በተቆረጠለት ዋጋ መሸጥ አላዋጣው ስላለ ኮታውን ከሞላ በኋላ ለገበያ ብሎ ብዙ የሚያመርትበት ምክንያት አልነበረውም። ከተማው ውስጥ ዋጋው ርካሽ ሆኖ መደርደሪያው ባዶ የሚውለው ለዚህ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

የዛሬው የሸማቾች ሱቅ በሕግ ፊት ሌላ ነገር ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ ማኅበሩን የአባላቱ አድርገውታል። ሰው በፈቃዱ ይገባል፣ ዕጣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ ይገዛል፤ አንድ ዕጣ ያለውም ብዙ ያለውም በጉባኤ ላይ ድምፁ አንድ ነው። ይሁንና ሱቁ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። አንዱ የራሱ ንግድ ነው፦ ገዝቶ፣ በትንሽ ትርፍ ሸጦ፣ የተረፈውን ለአባላት ማካፈል። ሁለተኛው መንግሥት በድጎማ ወይም በተመን የሚልከውን ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት ማከፋፈል ነው። በሸማቾች ሱቅ ላይ ከሚሰማው እሮሮ አብዛኛው የሚመነጨው ከሁለተኛው ሥራ ነው፤ ሰው ግን ሁለቱን አይለይም፣ ሁሉንም “ሸማቾች” ብሎ ያማል።

አሁን ወደ ዕቃው።

ስኳር። ይግዙት። ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ ጥራቱ ከሱቅ ሱቅ ብዙ አይለያይም፤ ስለዚህ በዋጋ የቀነሰ ሁሉ አሸናፊ ነው። አንድ ነገር ግን ይታይ። ስኳሩ በ50 ኪሎ ጆንያ መጥቶ ሱቁ ውስጥ በአንድና በሁለት ኪሎ ፌስታል ይከፋፈላል። ሲሰፈር ይፈሳል፤ እርጥበት የነካው ከጆንያው ሥር ተጋግሮ ይቀራል። ማኅበሩ ለብክነት የፈቀደው መጠን ከሌለ ጉድለቱ በሠራተኛው ላይ ይወድቃል፤ ሠራተኛውም ከወዲሁ ራሱን ይጠብቃል። ከያንዳንዱ ኪሎ 20 ግራም ብቻ ቢያጎድል ከአንድ ጆንያ አንድ ሙሉ ኪሎ ይተርፈዋል። ይህን የሚያርመው ቁጣ ሳይሆን የብክነት መጠን በውሳኔ ተጽፎ መቀመጡ ነው፤ ጉባኤ ላይ አንስቶ ማስወሰን ይቻላል። ገዢው በበኩሉ ፌስታሉን ከመውጣቱ በፊት ሚዛኑ ላይ መልሶ ቢያስቀምጥ ነውር የለበትም። ቀድሞ ከተመዘነ ክምር ላይ ከመቀበል ዓይኑ እያየ ማስመዘን ይሻላል።

ዘይት። ይህም ይገዛል፣ በጥንቃቄ። አምስት ሊትር የሚል ጄሪካን ያለ ዕቃው ክብደቱ 4.6 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት፤ አንድ ሊትር ዘይት ከአንድ ኪሎ ያንሳልና። ከዚህ በግልጽ የወረደ ጄሪካን ሊትሩ ጎድሏል። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ያልተቆረጠ መሆኑን፣ የሚያበቃበት ቀን መታተሙን ይመልከቱ። በድጎማ ሲታደል የኖረው በብዛት ከውጭ የሚገባ ፓልም ነው። ፓልም በክረምት ጠዋት ነጭ ሆኖ ከሥሩ ይረጋል፤ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። አልተበላሸም፦ ፀሐይ ላይ ወይም ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የተበላሸ ዘይት የሚታወቀው በጠረኑ ነው፤ የቆየ ለውዝ ወይም ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ምላስ ላይም ይከረክራል። ለጾም ወጥ የኑግ ዘይት የለመደ ቤት ግን እዚህ ባይደክም ይሻለዋል፤ ኑግ ከታማኝ ጨማቂ እንጂ ከእደላ አይጠበቅም።

ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዘይት ወጪ ከዶላሩ ጋር ይወጣል። በተመን የሚታደለውና በግል የሚሸጠው ዋጋ በተራራቀ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል፤ ወረፋው ረዝሞ ሲታይ የልዩነቱ ስፋት እንደ ቴርሞሜትር ይነበብበታል።

ዱቄትና ፓስታ ላይ ብዙ የሚባል የለም። የታሸገ ከሆነ ይግዙ፤ በጆንያ የተፈታ ዱቄት ከሆነ ነቀዝ አለመኖሩን በእጅ በተን አድርገው ይዩ።

ጤፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ሥርዓቶች ጎልተው የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። የጤፍ ዋጋ መርካቶ እህል በረንዳ ላይ በየቀኑ ይቆረጣል። አይሱዙ ብዙ ከገባ ይወርዳል፣ መንገድ ከተዘጋ ይወጣል፤ ደላላው በስልክ ከጎጃም፣ ከበቾ፣ ከአድአ ይሰማል። የሸማቾች ማኅበር ግን በኮሚቴ ይገዛል። ገበያ ይጠናል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ መኪና ይላካል፤ ጤፉ መጋዘን ሲገባ ዋጋው ተለጥፎ እስኪያልቅ በዚያው ይሸጣል። ከዚህ የሚከተለው እንዲህ ነው፦ ምርት በሚገባበት በጥርና በየካቲት ገበያው ሲወርድ የማኅበሩ ዋጋ ከላይ ቀርቶ ይገኛል፤ ገዢ ያጣል፣ ጤፉ መጋዘን ይከርማል። በክረምትና ወደ መስከረም ገበያው ሲወጣ ደግሞ የማኅበሩ ዋጋ ከታች ይቀራል፤ ያኔ ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል፣ መጋዘኑም በጥቂት ቀናት ይራቆታል። ስለዚህ የዓመት ጤፉን የሚገዛ ሰው በጥርና በየካቲት በግል ገበያ ቢገዛ፣ በኩንታል መግዛት የማይችለው ደግሞ በክረምት የሸማቾችን ማስታወቂያ ቢከታተል ያተርፋል። ከገበሬዎች ዩኒየን፣ ለምሳሌ ሞጆ አካባቢ ካለው ሉሜ አዳማ፣ በቀጥታ የሚረከብ ማኅበር ካለ በመካከል ያለውን ደላላና አከፋፋይ ስለሚዘል የተሻለ ዋጋ ይዞ ሊቀርብ ይችላል። ከማን እንደተገዛ ሻጩን መጠየቅ ነው።

ጥራቱ ላይ ግን ማኅበሩ ደካማ ነው። ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ እየተባለ የሚለጠፈው ስም ጆንያው ውስጥ ያለውን ሁሉ አይነግርም። ግዢ ኮሚቴው ናሙና ያየው ከአንድ ሁለት ጆንያ ነው፤ ቀሪው ሲራገፍ የሚከፍተው የለም። ግለሰብ ነጋዴ ግን ደንበኛው እንዳይሸሽ እያንዳንዱን ጆንያ በመብሻ ወግቶ ያያል። ከሸማቾች ሲገዙ እጅዎን እስከ ክንድ ከተው ከመሃል ይዝገኑ፤ መዳፍ ላይ አሽተው እፍ ይበሉ። አፈር መዳፍ ላይ ይቀራል፣ ገለባ ይበራል። ጤፉ ቀዝቅዞ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ እርጥበት አለበት፤ እርጥብ ጤፍ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ሲከርምም ይሻግታል። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ እርጥበትና አፈር 3 ኪሎ ከያዘ፣ በኪሎ ርካሽ የመሰለው ዋጋ እዚያው ላይ ተመልሷል።

ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ከሸማቾች ሱቅ አይገዙም ብንል ማጋነን አይሆንም። የጉልቷ ሻጭ ጠዋት ትለቅማለች፣ የተጎዳውን ለብቻ ታወጣለች፣ ማታ ላይ ከሚበሰብስባት ብላ መደቡን ታረክሳለች። የማኅበሩ ሠራተኛ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የለውም። ጠዋት የተለጠፈው ዋጋ ማታም ያው ነው፤ ሽንኩርቱ ግን ያው አይደለም። ሲበሰብስ ኪሳራው በሁሉም አባል ላይ ይከፋፈላል፣ ማለትም ማንም አይሰማውም። መንግሥት ያቋቋመው ኢትፍሩት አትክልትና ፍራፍሬን በሰንሰለት ሱቅ ለማከፋፈል የተሞከረበት ትልቁ ምሳሌ ነበር፤ ኋላ “አለ በጅምላ” ከተባለው የመንግሥት ጅምላ አከፋፋይና ከእህል ንግድ ድርጅት ጋር ተጠቃልሎ በአንድ ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። አትክልት ከፈለጉ የእሁድ ገበያ ይሻላል፤ እዚያ አምራቹም ማኅበሩም ነጋዴውም ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ዋጋው በዓይን ይወዳደራል። ወደ እኩለ ቀን መሄድ ለዋጋ፣ ማለዳ መሄድ ለምርጫ።

ሥጋ ቤት ያላቸው ማኅበራት አሉ። ዋጋቸው ሰሌዳ ላይ አንድ ሆኖ ይጻፋል፤ ለቅቅልና ለወጥ ይሆናል። ለጥብስና ለቁርጥ ግን “ከዚህ ቁረጥልኝ” ማለት አይቻልም፤ የሚቆረጠው ተራው የደረሰው ነው፣ አጥንቱም አብሮ ይመዘናል። መርጦ ለሚበላ ሰው የግሉ ሥጋ ቤት ውድነቱ ምክንያት አለው።

በጣም የምናደንቀው የማኅበራቱን ወፍጮ ቤት ነው። የሚሸጠው አገልግሎት ስለሆነ በጓሮ የሚወጣ ጆንያ የለም፤ የሚደበቅ ነገርም የለም። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ከእርስዎ በፊት በርበሬ ወይም ሽሮ ያስፈጨ ሰው ካለ የመጀመሪያው አንድ ሁለት ኪሎ ጤፍ ይበላሻል። ጤፍ ከጤፍ በኋላ እንዲገባ ተራ መቀያየር ይቻላል፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ያለ ሰው በዚህ አይጣላም።

አሁን ስለ ወረፋው። በተመን የሚሸጥ ዕቃ ርካሽ የሚመስለው በብር ብቻ ሲቆጠር ነው። ለምሳሌ ያህል የአምስት ሊትር ዘይት ልዩነት 200 ብር ይሁን እንበል። መታወቂያና ኩፖን ይዞ ስም ማስያዝ፣ ዕቃ ገብቷል ሲባል መሄድ፣ ዛሬ አልቋል ሲባል መመለስ፣ ነገ ደግሞ መሰለፍ ተደምሮ ግማሽ ቀን ቢበላ፣ ለጡረተኛ 200 ብሩ ሙሉ ትርፍ ነው። ለቀን ሠራተኛ ግን ግማሽ ቀን ማለት ግማሽ የቀን ገቢ ነው፤ ትርፉ ጠፍቷል፣ ምናልባትም ከስሯል። ድጎማው ለደሃ ታስቦ ወጥቶ፣ ጊዜ ላለው ወይም ሠራተኛ ልኮ ማሰለፍ ለሚችል ቤት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። መፍትሔውም ከባድ አይደለም፦ የመጣው ዕቃ በጆንያ ቁጥር፣ የሚደርሰው ብሎክ በቀን ተለይቶ በር ላይ ቢለጠፍ ሰው በቀኑ ብቻ ይመጣል። ይህን የሚያደርጉ ማኅበራት በር ላይ ትርምስ የለም።

ቀጥሎ የጓሮው በር። አንድ ዕቃ በአንድ ከተማ በሁለት ዋጋ ከተሸጠ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ይፈሳል። በኪሎ የ40 ብር ልዩነት ካለ አንድ የ50 ኪሎ ጆንያ ስኳር በጓሮ ሲወጣ 2,000 ብር ያስገኛል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የመጋዘን ቁልፍና አንድ ዝምታ ነው። ሰውን ስግብግብ ብሎ መርገም ቀላል ነው፤ ልዩነቱ እስካለ ግን ሰው ቢቀየርም ነገሩ አይቀየርም። የቁጥጥር ኮሚቴው የገቢ ደረሰኙን ከሽያጭ ደረሰኙና መጋዘን ከቀረው ጋር በወር አንድ ጊዜ ቢያስተያይ ጉድለቱ ይያዛል፤ ሦስት ወረቀት ነው። በዓመት አንዴ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ጉድለቱ በ“ብክነት” ስም ተጽፎ ያልፋል።

ሌላው ቅሬታ ዕቃ አስሮ መሸጥ ነው፦ “ስኳሩን ከፈለጉ ሳሙናውንም ይውሰዱ”። የሚያደርገው የማይሸጥ ዕቃ የያዘ ሱቅ ነው፤ ኮሚቴው ሳያጠና የገዛውን ሳሙና በስኳሩ ተገን ያራግፋል። ዋጋ በግልጽ መለጠፍና ለሸማች ደረሰኝ መስጠት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚጠየቅ ግዴታ ነው። ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ሳሙናው ደረሰኙ ላይ ከሰፈረ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ይሆናል።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅስ? ውድ ነው። ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ሸማቾች ለምሳ ዘግቶ በ11 ሰዓት ሲቆልፍ እሱ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም አለ። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት ይሸጣል። በደብተር ላይ ጽፎ በዱቤ ይሰጣል፤ የወር ደመወዝ በ20 ላለቀበት ቤት ይህ ራሱ ድጎማ ነው። ዋጋው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ብር የማይከፍሉትን ዱቤ፣ የኪራዩንና የረጅም ሰዓቱን ዋጋ ይዟል። ጥፋቱም የዚያኑ ያህል የታወቀ ነው፦ ዕቃ ሊወደድ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ዘይቱ ከመደርደሪያ ወደ ጓዳ ይገባል፤ በትንሽ መስፈሪያ የሚገዛው ደሃም በኪሎ ሲሰላ ከሁሉም በላይ የሚከፍለው እሱ ነው።

ባለሱቁን በተመን ማስገደድስ? በ2003 ዓ.ም. ተሞክሯል። መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሩዝ፣ በፓስታ፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ ጣሪያ ዋጋ አወጣ። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ በወራት ውስጥም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። የግል ጆንያ ላይ የመንግሥት ዋጋ ሲለጠፍ ጆንያው ይደበቃል፤ ይህን ነጋዴው ብቻ ሳይሆን በኮታ ዘመን ገበሬውም አድርጎታል።

የሸማቾች ሱቅ ከመንግሥት እደላ ተላቅቆ ሊቆም ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ ከሌላ አገር ይገኛል። በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች፣ በ1844 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ሱቅ ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ ይሸጥ ነበር። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፦ በጥሬ ገንዘብ ብቻ፣ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ዕቃ፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፤ ትርፉ ደግሞ እያንዳንዱ በገዛው መጠን ይከፋፈላል። በካፒታሊስቷ ስዊዘርላንድ ሚግሮስ የተባለው ድርጅት በ1925 እ.ኤ.አ. በአምስት የጭነት መኪናዎች ስድስት ዓይነት ዕቃ ይዞ ጀመረ፤ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታና ሳሙና ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። በ1941 ወደ ኅብረት ሥራ ተለወጠ፤ ዛሬ የአገሪቱ ሁለት ትልልቅ ቸርቻሪዎች፣ እሱና ኮፕ፣ ሁለቱም የኅብረት ሥራ ናቸው። ለወረፋና ለኩፖን ግን ቦታ የላቸውም፤ ዋጋቸውን የሚቆርጡት ራሳቸው፣ ከግል ሱቅ ጋር እየተወዳደሩ ነው።

ከሮችዴል መርሆች ለእኛ ማኅበራት እጅግ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፦ ትርፍን በግዢ መጠን መመለስ። ትርፍ በዕጣ ብቻ ከተከፈለ ብዙ ዕጣ ያለው ይጠቀማል፤ ከሱቁ ምንም ያልገዛም ይካፈላል። በግዢ መጠን ከተከፈለ ግን አባሉ ሽንኩርቱን ጥሎ እንዳይሄድ፣ ሲበሰብስም እንዲቆጣ ምክንያት ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ አባል በስንት እንደገዛ የሚያሳይ መዝገብ ነው፤ በቴሌብር የሚከፈልበት ሱቅ ሥራው በግማሽ ቀሎለታል።

አባል ለመሆን የነዋሪነት መታወቂያ፣ የመመዝገቢያ ክፍያና ቢያንስ አንድ ዕጣ ያስፈልጋል፤ መጠኑን እያንዳንዱ ማኅበር በመተዳደሪያ ደንቡ ይወስናል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ሒሳቡ ለመጨረሻ ጊዜ በኦዲት የታየው መቼ ነው? ባለፈው ዓመት ለአንድ ዕጣ ስንት ተከፈለ? ጠቅላላ ጉባኤው ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ ነበር? የቁጥጥር ኮሚቴው አባላት የሥራ አመራሩ ዘመዶች ናቸው? ሦስቱን ጸሐፊው ይመልስልዎታል። አራተኛውን ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ላይ ይጠይቁ።